በዚያ ውኃ የሚበላ አታብቅል

ሱሉልታ፣ መጋቢት 7

ይድረስ ለልጄ ለማሙሽ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ብርዱ ዘንድሮ እንቢ ብሎ ሰነበተ።

እህትህ እሑድ መጥታ ነበር። የላክኸውን ሰላጣ በሁለት ፌስታል ሞልታ አመጣችልኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ያለ ሰላጣ አይቼ አላውቅም። ቅጠሉ ሰፌድ ያህላል፣ ልቡ ጥብቅ ያለ። እጅህ የአያትህ እጅ ነው፤ እሷ የደረቀ እንጨት ብትተክል ይለመልምላት ነበር። ደስ ብሎኝ ላጥበው ስነሣ "መሬቱን የት ነው የተከራየው?" አልኳት። "ከቃሊቲ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ዳር" አለችኝ። የውኃ ሞተር መግዛትህንም፣ ለሱ የዕቁብ ገንዘቧን ማበደሯንም ነገረችኝ።

ይኼን ስናወራ የልጅ ልጄ አንዲት ቅጠል አንሥታ ወደ አፏ ልትከት ነው። እጇን መታሁት። እኔ ልጅ መትቼ እንደማላውቅ አንተ ምስክሬ ነህ። ልጅቱ አለቀሰች፣ እናቷም ተቀየመችኝ። ሰላጣውን ለዶሮዎቹም አልሰጠሁም፤ ጓሮ ቆፍሬ ቀበርኩት።

ስደውልልህ "አባባ፣ ኔትወርክ እየተቆራረጠ ነው" ትላለህ። ደብዳቤ አይቆራረጥምና ተቀምጠህ አንብበው። በዚያ ውኃ የሚበላ ነገር አታብቅል።

"ሰው ሁሉ እያበቀለ አይደል?" ማለትህን ሰምቻለሁ። አዎ፣ ያበቅላል። አዲስ አበባ በጾም የምትበላው ቆስጣና ሰላጣ ብዙው ከአቃቂ ወንዝ ዳር ነው የሚመጣው። የሚያበቅሉትን አልኮንንም። ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው፤ በጋ ከበጋ የማይደርቅ ሌላ ውኃ ከየት ያምጡ? እነሱ ግን እኔ የማውቀውን አያውቁም። አንተ የኔ ልጅ ነህ።

ትንሹ አቃቂ ወንዝ እኮ ከላይ ንጹሕ ነው። ገፈርሳ ላይ ገድበነው ከተማው ይጠጣዋል። ከግድቡ በታች ያለው ግን ከተማውን አቋርጦ የየሰፈሩን ሽንት ቤት፣ የጋራዡን ዘይትና የባትሪ አሲድ፣ የፋብሪካውን እጣቢ እየለቀመ አንተ ጋ ይደርሳል። ካንተም አልፎ ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ልጅ ሳለህ ወስጄህ ወፎቹን ስትቆጥር የዋልክበት፣ ትዝ ይልሃል? ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው ብዬህ ነበር። ዛሬ እንቦጭ ለብሷል። እንቦጭ እንዲህ የሚሰባው በኛ እዳሪ ነው። አንተ ደግሞ ሰላጣዬ አማረልኝ ትላለህ።

እናትህም የማታውቀውን አንድ ነገር ልንገርህ። ሳታውቅ ነው የሞተችው፤ ታውቅ ይሆን ነበር ብዬ ግን አንዳንድ ሌሊት አስባለሁ።

ቆዳ ፋብሪካ እሠራ እንደነበር ታውቃለህ። ምን እሠራ እንደነበር ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም። በጨው የመጣውን ቆዳ እናጥበዋለን፤ ጠጉሩ እንዲለቅ ኖራና ሰልፋይድ ውስጥ እንዘፈዝፈዋለን፤ ያ ነው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው፤ እናትህ ልብሴን ደጅ የምታሰቅለኝ ለዚያ ነበር። ከዚያ ድራም ውስጥ በአሲድና በክሮም ይሽከረከርና ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። የተረፈው ውኃም ሰማያዊ ነው። መጀመሪያ ስቀጠር ያንን ውኃ በጠራራ ፀሐይ ነበር ወንዝ የምንለቀው፤ ተው የሚለን አልነበረም። በ1995 የብክለት ቁጥጥር አዋጁ ወጣ። እኛን ያስተማረን ሌሊት መልቀቅን ነው። ማጣሪያ ገንዳ ነበረን፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይሠራል፤ ሌላ ጊዜ መብራት ይፈጃል ተብሎ ይዘጋል። ቫልቩን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ። ለዚያ የሌሊት አበል ይታሰብልኝ ነበር፤ ያንተን የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈልኩት በሱ ነው።

አንድ ቀን ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቆመዋል። በቢጫ ጀሪካን ውኃ ይዘዋል። ላማቸው ጨንግፋለች፣ ሁለተኛዋ ነች። ከዘበኛው ጋር አልተጣሉም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ጀሪካኑን አስቀምጠው "እስቲ ከናንተ አንዱ ይጠጣልኝ" አሉ። ዝም አልን። ሌሊቱን ቫልቩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ሽታው እጄ ላይ ገና አለ። ከሁላችን ወደኔ ዞረው አዩኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኔም "አባቴ፣ ይኼ ከኛ አይደለም፤ ከላይ ካሉት ፋብሪካዎች ነው" አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። ማሙሽ፣ አመስግነውኝ! ጀሪካናቸውን ተሸክመው ወደ ላይ፣ ወዳሳየኋቸው ወጡ።

እኚህ ሽማግሌ ያርሱ የነበሩት ካንተ ማሳ ብዙም አይርቅም።

እንግዲህ "በአቼቶ አጥበዋለሁ" ብለሃል አሉ። አቼቶ የወስፋት እንቁላልን እንኳ በቅጡ አይገድልም። መቀቀል ጀርሙን ይገድላል እንበል፤ ሰላጣ ማን ይቀቅላል? ክሮምና እርሳስ ደግሞ ብረት ናቸውና ብትቀቅላቸውም እዚያው ናቸው። አይበሰብሱም፣ አይተኑም። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ደለሉን ማሳህ ላይ አስተኝቶ ይሄዳል፤ አፈሩ ከዓመት ዓመት ያጠራቅማል። ዩኒቨርሲቲዎቹ አትክልቱን መርምረው ጽፈዋል፤ እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያለው ሰፊ ቅጠል ከጥቅል ጎመን ይልቅ ብረቱን ይሰበስባል። አንተ የመረጥከው ሁለቱን ነው! እርሳስ ደግሞ ሕፃን ልጅ ላይ ይብሳል፣ አእምሮዋን ነው የሚጎዳው። ዛሬ በላችው ነገ ታመመች የሚባል ነገር ቢሆን ኖሮ እኔም ይኼን አልጽፍም ነበር፤ ወንዙም በዚያን ጊዜ ይዘጋ ነበር።

ጉድጓድ እቆፍራለሁ እንዳትል። ወንዙ ዳር የቆፈርከው ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ የዚያው ወንዝ ውኃ ነው፣ በአፈር የተንጠባጠበ።

አሁን የምልህን አድርግ። ማሳው ላይ ያለውን ለነጋዴ አትሽጥ፤ ለፋሲካ ዋጋው ይጨምራል ብለህም አትጠብቅ፣ ገልብጠው። ኪራዩን ከፍለህበታልና መሬቱን አትልቀቅ፤ ችግኝ አፍላበት፤ ጥድ፣ ወይራ፣ ግራር፣ አበባም ቢሆን። ክረምት ሲገባ ችግኝ የማይፈልግ ቀበሌ የለም። ውኃው ውስጥ ስትገባ ቦቲ ጫማ አድርግ፣ ጓንትም ግዛ። የኔ እጅ ዛሬም ብርድ ሲመጣ እንደሚሰነጠቅ ታያለህ። አትክልት ካማረህ ወደኔ ና፤ እዚህ ድንችና ጎመን ይሆናል። የእህትህን የዕቁብ ገንዘብ አትጨነቅበት። ጊደሯን ለፋሲካ እሸጣታለሁ። ወተቷን ሳላይ መሸጤ ቢቆጨኝም ይሁን። ደግሞ እህትህን አትቆጣት፣ እኔ ነኝ አናግሬ ያወጣኋት።

ፓምፑን ማታ ማታ ወንዝ ውስጥ አትተወው፣ ይሰረቃል።

ከብዶብህ ይሆናል። አድገሃል፣ ሚስት ልታገባ ነው፣ አባት ሰላጣ ቀበረ ብሎ ሥራ አይተውም። ግን በዚያ ውኃ የሚበላ ነገር አታብቅል ልጄ። ለሌላ ሰው ልጅም ቢሆን አታብቅል።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ንጹሕ ሃይላንድ ሦስት አዘጋጅ፤ አንዱን ከወንዙ፣ አንዱን ከጎረቤትህ ጉድጓድ እንቀዳለን፣ በአንዱ አፈር እንይዛለንና ላቦራቶሪ አብረን እናስገባለን። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወደዚያ ወንዝ ወርጄ አላውቅም። ቁልቁለቱን ጉልበቴ አይችለውምና ታክሲው ከሚያወርደኝ ቦታ ቆመህ ጠብቀኝ፣ እጄን ይዘህ ታወርደኛለህ።

አባትህ