ኒኬሉ ይመለሳል፣ ማግኔቱ ግን አይመለስም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ማግኔት የወጣው ጽሑፍ ጥርት ባለ አማርኛ የተጻፈ ስለሆነ ብዙ ተማሪ እንደሚያነበው አንጠራጠርም። አንድ ስሕተቱ ሳይታረም እንዳያልፍ የምንጽፈውም ለዚሁ ነው። ጽሑፉ ማግኔት ሲሞቅ ጉልበቱን እንደሚያጣ፣ ሲቀዘቅዝ ግን እንደሚመለስለት ይናገራል። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ አምነውት ሲመረቁ እናያለን።

ነገሩ የሚጀምረው በክፍል ውስጥ ከሚታይ አንድ ሙከራ ነው። የተንጠለጠለ የኒኬል ቁራጭ በማግኔት ተስቦ ይጣበቃል። በእሳት ሲሞቅ፣ 358 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ለቅቆ ይወድቃል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጣበቃል። ይህ የኪዩሪ ሙቀት የሚባለው ነው፤ ለብረት 770 ዲግሪ፣ ለጋዶሊኒየም ደግሞ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የአቶሞቹ የሙቀት ንዝረት ጎረቤታም ስፒኖችን (እያንዳንዱን አቶም ትንሽ ማግኔት የሚያደርገውን የኤሌክትሮኖች ባሕርይ) በአንድ አቅጣጫ የሚያሰልፈውን ኃይል ያሸንፈዋል። ሙቀቱ ሲወርድ ሰልፉ ይመለሳል።

ተማሪው ልብ የማይለው፣ ኒኬሉ የተመለሰው አጠገቡ ሌላ ማግኔት ስላለ መሆኑን ነው። የፊዚክስ ሊቁ ፒየር ዋይስ እ.ኤ.አ. በ1907 እንዳስረዳው፣ እንዲህ ያለ ቁስ ዶሜይን በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። በእያንዳንዱ ዶሜይን ውስጥ ስፒኖቹ አንድ ላይ ተሰልፈዋል፤ ዶሜይኖቹ እርስ በርስ ግን የግድ ወደ አንድ ወገን አይዞሩም። ማቀዝቀዝ የሚመልሰው በዶሜይን ውስጥ ያለውን ሰልፍ ብቻ ነው። ዶሜይኖቹን ወደ አንድ ወገን የሚያዞራቸው ከውጭ የመጣ የማግኔት መስክ ነው። ለኒኬሉ ይህን ያደረገለት ጎኑ ያለው ማግኔት ነው። ከኪዩሪ ሙቀቱ በላይ ሞቆ ብቻውን የቀዘቀዘ ቋሚ ማግኔት ግን ይህን የሚያደርግለት የለም። ዶሜይኖቹ በየፊናቸው ተበታትነው ይቀራሉ።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጉዳቱ የኪዩሪ ሙቀት ሳይደረስ ገና መጀመሩ ነው። የኒዮዲሚየም ማግኔት የኪዩሪ ሙቀት 310 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ለተራው ደረጃ አምራቾች የሚፈቅዱት 80 ዲግሪ ብቻ ነው። ለምን? መልሱ ማግኔቱ ራሱ ላይ የሚያሳርፈው ተቃራኒ መስክ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ቢ (ጠቅላላው የማግኔት መስክ) ማለት ሚዩ ዜሮ (ቋሚ ቁጥር) ሲባዛ በኤች (የመስክ ብርታት) እና ኤም (የቁሱ ማግኔትነት) ድምር መሆኑን ጽፈው ያልፋሉ። በማግኔቱ ውስጥ ኤች ከኤም በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚቆም ግን በአግባቡ አያስረዱም። የዚህ ተቃራኒ መስክ መጠን በቅርጽ ይወሰናል፤ ቀጭን ዲስክ ላይ ይበረታል፣ ረጅም ዘንግ ላይ ይዳከማል።

በቁጥር እንየው። 10 ሚሊሜትር ስፋትና 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ የኒዮዲሚየም ዲስክ እንውሰድ። በ20 ዲግሪ ቀሪ ማግኔትነቱ፣ ማለትም የውጭ መስክ ሳይኖር የሚቀርለት ማግኔትነት፣ 1.2 ቴስላ፣ ተቃራኒ መስክን የመቋቋም አቅሙ፣ ማለትም ኮኤርሲቪቲው፣ 955 ሺህ አምፔር በሜትር ይሁን። በእያንዳንዱ ዲግሪ ቀሪ ማግኔትነቱ በግምት 0.12 በመቶ፣ ኮኤርሲቪቲው 0.6 በመቶ ይወርዳል። 100 ዲግሪ ላይ አቅሙ ወደ 500 ሺህ ገደማ ይወርዳል። በዚያው ሙቀት ቀሪ ማግኔትነቱ በአምፔር በሜትር ሲመነዘር 860 ሺህ ገደማ ነው፤ ለዚህ ቅርጽ ተቃራኒው መስክ የዚህ 0.8 እጥፍ ስለሆነ ዲስኩ ራሱ ላይ የሚያሳርፈው ወደ 690 ሺህ ይጠጋል። አቅሙ ተሸነፈ ማለት ነው፤ ከፊሉ ዶሜይን ይገለበጣል። ሁሉም አይገለበጥም፤ የተገለበጠው ክፍል ራሱ ተቃራኒውን መስክ ስለሚቀንሰው ነው። ከዚያው ቁስ የተሠራና ርዝመቱ የስፋቱን አራት እጥፍ የሆነ ዘንግ ግን በዚያው ሙቀት 90 ሺህ ገደማ ብቻ ስለሚያርፍበት ምንም አይሆንም። ከብረት ኦክሳይድ የሚሠራው የፌራይት ማግኔት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ኮኤርሲቪቲው ይጨምራል፤ ስለዚህ የሚያሰጋው ብርድ ነው።

መምህራን ይህን በአንድ የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ሊያሳዩ ይችላሉ። ስድስት ተመሳሳይ ዲስኮች፣ የሆል ዳሳሽ ያለው ጋውስ ሜትር (የማግኔት መስክ መለኪያ)፣ ቴርሞሜትርና የመስታወት ዕቃ ይበቃል። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ዲስክ ለየብቻው፣ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው እንጨት ከዳሳሹ አርቆ መለካት ነው። አንዱን ዲስክ ብቻውን፣ አምስቱን ደግሞ ደራርቦ፣ በ95 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ማቆየት። የተደራረቡት ዲስኮች እንደ አንድ ወፍራም ዲስክ ስለሚሆኑ የሚያርፍባቸው ተቃራኒ መስክ ያንሳል። ሲቀዘቅዙ በጎን እያንሸራተቱ ለያይቶ እያንዳንዱን በዚያው ርቀት መለካት። ብቻውን የሞቀው የባሰ ተዳክሞ ይገኛል።

ሙከራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማሞቂያው ብረት ድስት ሲሆን ነው፤ ብረቱ የማግኔቱን መስክ ስለሚዘጋለት ተቃራኒው መስክ ይቀንሳል፣ ጉዳቱም ሳይታይ ይቀራል። ብረት መቆንጠጫም ይህንኑ ያደርጋል። ሁለተኛው ገና ትኩስ ሳለ መለካት ነው፤ ሲቀዘቅዝ የሚመለሰውና የማይመለሰው ኪሳራ ተቀላቅለው ይነበባሉ፣ የዳሳሹም ንባብ ከሙቀቱ ጋር ይዛነፋል። የክፍሉ ሙቀት ላይ እስኪደርስ መጠበቅ የግድ ነው። ማግኔትን በእሳት ላይ ማሞቅም አይገባም፤ የኒኬል ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ያለው ቁስ ኦክሳይድ ይሆናል።

የተዳከመውን ዲስክ በጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት ምት መልሶ ማግኔት የሚያደርግ መሣሪያ ያለው ላቦራቶሪ አንድ ደረጃ አልፎ መሄድ ይችላል። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ንባብ ከተመለሰ፣ ጠፍቶ የነበረው የዶሜይኖቹ አሰላለፍ ብቻ ነው። ካልተመለሰ ቁሱ ራሱ ተበላሽቷል።

ከአክብሮት ጋር፣
ሁለት የፊዚክስ መምህራን