ለልጄ፦ ስለ ፓኪስታን ዘፈን የምነግርሽ አለኝ

የኔ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ? አያትሽስ እግሯ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሻርጃ ሙቀቱን ጀምሯል። ወጥ ቤቱም እንደ ወትሮው ነው።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። አቀናባሪው «ማሲንቆውን አውጪው፣ የአያትሽን ግጥም ተይው፣ ይሄ የገጠር ነገር ለዘንድሮ ወጣት አይሆንም» ያለሽን። ድምፅሽ ቅዝዝ ብሎ ነበር። በስልክ ልመልስልሽ አስቤ ነገሩ ረዘመብኝ፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። የምነግርሽ ስለ ፓኪስታን ዘፈን ነው። ምን አገናኘው እንዳትዪኝ፣ ታግሰሽ አንብቢው።

እኛን የወጥ ቤት ሠራተኞችን የሚያመላልሰው አውቶቡስ ግማሹ ፓኪስታናዊ ነው። ሹፌሩ ፓኪስታን ውስጥ ካለችው ከሚያንዋሊ የመጡ ትልቅ ሰው ናቸው። ሁላችንም «ቻቻ» (አጎት ማለት ነው) እንላቸዋለን፣ በልጆቻቸው እድሜ ያሉት የአገራቸው ልጆች እንደሚሏቸው። ጠዋት ጠዋት የምንሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ አታኡላህ ኻን ኢሳኸልቪ። ከዚያው ከሚያንዋሊ የወጣ፣ በሳራይኪ ቋንቋ የሚያንጎራጉር፣ ካሴቱን የጭነት መኪና ሹፌሮች ከከተማ ከተማ ያዞሩለት ዘፋኝ ነው። ትዝታ የለመደ ጆሮ ቃሉ ባይገባውም ይባባል።

ማታ ስንመለስ ደግሞ ተራው የወጣቶቹ ነው። ስልካቸውን በብሉቱዝ ያገናኛሉ፣ ራፕ ይመጣል፣ ቢቱ ወንበሩን ያርገበግበዋል። ቻቻ ሲበዛባቸው ድምፁን ይቀንሱታል። አንድ ማታ ድስት የሚያጥበው ልጅ አንድ ዘፈን ከፈተ፣ መግቢያው ጊታር ነው። ቻቻ ሊቀንሱት እጃቸውን ወደ ማዞሪያው ሰደዱ። ወዲያው የኢሳኸልቪ ድምፅ ገባ፣ ተከትሎት ደግሞ የአንድ ወጣት ድምፅ። ልጁ ሳንዋል ነው፣ አባትና ልጅ አብረው ኮክ ስቱዲዮ በሚባለው የሙዚቃ ዝግጅት ላይ የዘፈኑት። የቻቻ እጅ እዚያው ማዞሪያው ላይ ቆመ። ከዚያ ከፍ አደረጉት። እኔም ከዚያ ወዲህ ነው ልጆቹን አንድ በአንድ መጠየቅ፣ ራሴም በስልኬ መፈለግ የጀመርኩት።

ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ፓኪስታን ውስጥ ዘፈን ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። ጄኔራል ዚያ ኡል ሐቅ ከ1977 እስከ 1988 ሲገዙ ሴት ልጅ ቴሌቪዥን ላይ ስትጨፍር ማየት የማይወደድበት ጊዜ ነበር። በዚያው ዘመን ግን ናዚያ ሐሰን የምትባል የ15 ዓመት ልጅ በ1980 ለአንድ የህንድ ፊልም ዘፈነች። በዓመቱ ከወንድሟ ከዞሄብ ጋር የዲስኮ አልበም አወጣችና አገሩን ሁሉ አስጨፈረች። ህንድንም ጨምሮ። በ35 ዓመቷ በሳንባ ካንሰር አረፈች፣ በ2000 ነው። የፓኪስታን እናቶች ዛሬም ስሟን ሲጠሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ።

በ1987 ቫይታል ሳይንስ የሚባል የወጣቶች ባንድ ጂንስ ለብሶ ስለ አገሩ ዘፈነ፣ ዘፈኑም እንደ ሁለተኛ ብሔራዊ መዝሙር ተቆጠረ። ዘፋኙ ጁኔድ ጀምሼድ በኋላ ዘፈኑን ትቶ ወደ ሃይማኖት ሰባኪነት ገባ። በ2016 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። እኔ የምፈልገው ግን የኪቦርድ ተጫዋቹን ነው፣ ሮሄል ሃያትን። ይሄ ሰው በ2008 ኮክ ስቱዲዮን ጀመረ። ያደረገው ነገር ሲወራ ቀላል ነው። የቀዋሊ ዘፋኙን፣ የገጠሩን አዝማሪ፣ ጊታሪስቱንና ከበሮ መቺውን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸውና በቀጥታ አስዘፈናቸው።

ቀዋሊ በሱፊ ቅዱሳን መቃብር ዙሪያ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘመር የምስጋና ዜማ ነው። ዓለም የሚያውቀው በኑስራት ፋቴህ አሊ ኻን ነው፣ በ1997 ያረፈው። የከተማ ልጅ ግን ቀዋሊ የአባቱ ጉዳይ መስሎት ነበር። በ2015 አቲፍ አስላም፣ የፖፕ ዘፋኙ፣ የሳብሪ ወንድማማቾችን ታዋቂ ቀዋሊ እንደገና ሲዘፍነው መቃብሩን ረግጦ የማያውቅ ወጣት ሁሉ በቃሉ ያዘው። የእኛ አውቶቡስ ልጆችም ሲሰሙት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

መንገዱ አልጋ በአልጋ እንዳይመስልሽ። ዩቲዩብ ፓኪስታን ውስጥ ከ2012 እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ ተዘግቶ ነበር። ስፖቲፋይ የገባው በ2021 ነው። በዚያው በ2016 አምጃድ ሳብሪ የተባለው ትልቅ የቀዋሊ ዘፋኝ ካራቺ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ በጥይት ተገደለ። የሳብሪ ቤት ልጅ ነው። ዘፈን እዚያ ሰው ያስገድላል፣ የኔ ልጅ። እነዚህ ልጆች እንዲህ ባለ አገር ነው ሙዚቃቸውን ያሳደጉት።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ እየደረስኩ ነው።

በ2022 የኮክ ስቱዲዮ 14ኛው ዙር ወጣ፣ አዘጋጁ ዙልፊ የሚባል ሰው ነው። «ፓሱሪ» የተባለውን ዘፈን ሳትሰሚው አትቀሪም፣ አሊ ሴቲና ሼ ጊል የዘፈኑት። አብዛኛው ፑንጃቢ ነው። ዩቲዩብ ላይ ከ500 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል። ቢቱ የሬጌቶን ዓይነት ነው፣ ዜማው ግን የፑንጃብ ነው። የሐሳቡ መነሻ ደግሞ አሊ ሴቲ አንድ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ተጽፎ ያየው፣ የወዳጅን ሰበብ በእሳት ስለማቃጠል የሚናገር አንድ መስመር ነው። እዚያ አገር የጭነት መኪና ሁሉ በቀለምና በግጥም ያጌጠ ነው። ሰውየው አሜሪካ ሃርቫርድ የተማረ ነው፣ ነገር ግን ከፈሪዳ ኻኑምና ከኡስታዝ ሳሚ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የድሮውን አዘፋፈን ተምሯል። ይሄን ልብ በይልኝ። መጀመሪያ ተማረው፣ ከዚያ እንደፈለገ ተጫወተበት።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን በዚያው ዙር የወጣውን «ካና ያሪ» ነው። ቋንቋው ባሎቺ ነው። የዘፈኑት ሦስት ናቸው። ካይፊ ኸሊልና ኢቫ ቢ ሁለቱም የሊያሪ ልጆች ናቸው። ሊያሪ የካራቺ አሮጌ ሰፈር ነው፣ ድህነትና የወሮበሎች ጦርነት ስሙን ያጠፋው፣ ኳስና ቦክስ የሚወደድበት። አያቶቻቸው ከአፍሪካ ምሥራቅ ጠረፍ የመጡ ሺዲ የሚባሉ ሰዎችም ይኖሩበታል። ኢቫ ቢ ፊቷን በኒቃብ ሸፍና ነው ራፕ የምታደርገው፣ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። ሦስተኛው አብዱል ወሃብ ቡግቲ ነው፣ ከባሎቺስታን ገጠር የመጣ የባህል ዘፋኝ፣ ጥምጥም የጠመጠመ።

ይሄን ዘፈን ልጆቹ ሲከፍቱት አውቶቡሱን ብታዪው! ከኋላ የተቀመጡት ኔፓሎች ያጨበጭባሉ፣ ሐበሾቹ ትከሻችን ይነቃነቃል። ባሎቺ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ፓኪስታናውያኑ ራሳቸው ፑንጃቢና ሳራይኪ ተናጋሪ ናቸው፣ ቃሉን የሚይዙት በድምፁ ነው። ያ ድስት አጣቢ ልጅ የኢቫ ቢን ክፍል አንድ ቃል ሳይስት ይወርደዋል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው ስለ ከዳተኛ ወዳጅ መሆኑን እንጂ ዝርዝሩን አያውቀውም።

እንግዲህ አቀናባሪሽ «ወጣቱ አይገባውም» ሲል ይሄን ነው የማስበው። ከ240 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር፣ ብዙው ሰው ወጣት በሆነበት፣ ትንንሾቹ ቋንቋዎች በአዲሱ ዘፈን ፊት ለፊት ወጥተዋል። በኮክ ስቱዲዮ የ2024 ዙር ላይ ሲንዲ ቋንቋ መጣ። በዚያው ዙር «ብሎክባስተር» በሚለው ዘፈን ላይ ራፐሩ ፋሪስ ሻፊ ከጋርዊ ሴቶች ጋር ወጣ። ጋርዊ የብረት እንስራ ነገር ነው። የፑንጃብ ሴቶች እሱን እየመቱ በየመንገዱና በየሠርጉ ይዘፍናሉ። አገሩ ለዘመናት በንቀት ሲያያቸው ኖሯል። አሁን ልጃገረዶች ቲክቶክ ላይ እነሱን እየመሰሉ ይወጣሉ። ክሊፑን ተመልከቺ፣ የሴትዮዋን እጅ በተለይ። እንስራውን ደረቷ ላይ አቅፋ ነው የምትመታው፣ እንደ ሕፃን።

ራፑስ? ያንግ ስታነርስ የሚባሉ ሁለት የካራቺ ልጆች አሉ፣ ጠልሃ አንጁምና ጠልሃ ዩኑስ። መጀመሪያ ላይ በሀብታም ልጆች ላይ በሚቀልድ ራፕ ነው የታወቁት። ኋላ ላይ ወደ ኡርዱ ግጥም ጠለቁ። ኡርዱ የገጣሚዎች ቋንቋ ነው፣ ልጆቹም በዚያ ይኮራሉ። ድሮ በእንግሊዝኛ ካልሆነ ራፕ አይመስልም ይባል እንደነበር አንዱ ልጅ ነገረኝ። ዛሬ እንዲህ የሚል የለም።

ብቻቸውን ቤታቸው ቁጭ ብለው በላፕቶፕ የሚሠሩም ሞልተዋል። ሐሰን ራሂም ሕክምና የተማረ ዶክተር ነው፣ ከሰሜኑ ተራራ ከጊልጊት። ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን ይዘፍናል፣ ወጣቱ ያብድለታል። ከዚህኛው ጎራ ግን ሁሉንም አልወድም። ብዙዎቹ ድምፃቸውም ቢታቸውም አንድ ነው፣ ስሙን ካላየሁ ማን ማን እንደሆነ አልለይም። አንቺንም የምሰጋልሽ ለዚህ ነው። ማሲንቆውን ካወጣሽው ከመቶዎቹ አንዷ ነው የምትሆኚው።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ በደንብ ስሚኝ። ይሄ ሁሉ ያማረ ሥራ የተሠራው በኩባንያ ብር ነው። አንዱ የለስላሳ መጠጥ፣ አንዱ የቡና፣ ቬሎ የተባለው ደግሞ የኒኮቲን። ስፖንሰር ባይኖር ኖሮ ያ ስቱዲዮ፣ ያ መብራት፣ ያ ጥራት አይኖርም ነበር፣ እውነት ነው። ግን ኩባንያው የሚፈልገው ለዙሩ የሚሆን ዘፈን ነው። ዙሩ ሲያልቅ ዘፋኙ ወደ ቤቱ ነው። አብዱል ወሃብ ቡግቲን አስታወስሽው? «ካና ያሪ» በወጣበት በዚያው ዓመት የመጣው ጎርፍ የጭቃ ቤቱን አፈረሰበት። ሚሊዮኖች ዘፈኑን ሲጨፍሩበት እሱ ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ቀረ። ፎቶው በማኅበራዊ ሚዲያ ከዞረ በኋላ ነው ሰው የደረሰለት። ይሄን ሳነብ አልቅሻለሁ። አዝማሪ እየተጨበጨበለት እንዴት ባዶ ቤት ይገባል?

ስለዚህ ማንም ስፖንሰር፣ ማንም ስቱዲዮ ቢመጣ ደስ ይበልሽ፣ ግን ውሉን አንብቢ። የዘፈኑ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ዩቲዩብ ላይ የሚገባው ብር ለማን እንደሚሄድ ጠይቂ። ማሲንቆ የሚመታልሽ ሰውዬም ስሙ ይጻፍ፣ ድርሻውም ይታወቅ። አፍሬ እንዳትዪ።

አያትሽን በተመለከተ። ዘፈኑን አንቺ የምታውቂው ሁለት ስንኝ ብቻ ነው። እኔም ከዚያ ብዙ አልበልጥሽም። እሷ ግን ሙሉውን ታውቀዋለች፣ ሠርግ ላይ የሚባለውንም፣ አጨዳ ላይ የሚባለውንም። እግሯ እስኪሻላት ቤት ናት አይደል? ቡና አፍይላት፣ ስልክሽን ከረከቦቱ አጠገብ አድርጊው፣ ዝም ብለሽ ቅጂ። አታቋርጫት። ግጥሙን ስትረሳው ቆም ትላለች፣ ራሷ ታስታውሰዋለች። አንገቷን አዘንብላ የምትስበውን ዜማ በደንብ ያዢው፣ ያንን በኖታ አያስተምሩሽም። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ቢት ከሥሩ አድርጊበት፣ እኔ ቅር አይለኝም። ፈጣን ይሁን፣ ራፕም ይግባበት።

ያ አቀናባሪ እምቢ ካለ ሌላ ፈልጊ። ከጓደኞችሽ መሃል በላፕቶፕ የሚሠራ እንዳለ ነግረሽኝ ነበር፣ እሱን ሞክሪው። ለማይክሮፎን የሚሆን ብር በሚቀጥለው ደሞዝ እልክልሻለሁ፣ ዋጋውን ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ሲያልቅ ሳይሆን ሲጀመር ላኪልኝ፣ ጥሬውን። ማታ ማታ ስልኩን የሚያገናኘው ልጅ ተራ ይሰጠኛል፣ ቃል አስገብቼዋለሁ።

ለአያትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ መድኃኒቷን ከምግብ በኋላ እንድትወስድ አስታውሻት።

የምትወድሽ እናትሽ