ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ሊጡና ስለ ቀረሶዋ

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ የአንባብያን ገጽ ላይ አንድ አባት የጻፉትን አነበብኩ። የዛሬ ወላጅ ልጁ ሲያጠፋ ቆሞ ይስቃል፣ ስልክ አውጥቶ ይቀርጻል፣ ከዚያ ልጁ አድጎ አገር ያስቸግራል ነው የሚሉት። መጨረሻ ላይም ሁላችንም የምናውቃትን «እናቴ፣ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የምትለዋን ተረት አመጡ። አርጩሜም አነሱ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ለልጆች የሚጨነቁ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፣ ስለዚህ በአክብሮት ነው የምመልሰው። ግን አልስማማም።

ስለ ስልኩ እንስማማለን። ልጅ ሲያለቅስ ወይ ራቁቱን ሆኖ ሲሮጥ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ነውር ነው። የኔ ክርክር ስለ ሳቁ ነው።

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው የምኖረው። ሦስት ልጆች አሉኝ። ማሙሽ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሚጣ አራት፣ ጩጬው ደግሞ ገና ዓመት ከመንፈቅ። የባለቤቴ እናትም አብረውን ናቸው። ልጆቹ እምዬ ይሏቸዋል፣ እኔም እንደዚያው ነው የምጠራቸው።

የአባትዬውን ደብዳቤ ያነበብኩ ቀን ማታ መብራት ጠፍቶ ነበርና ሁላችንም አንድ ፍራሽ ላይ ተሰብስበን ተረቷን ለልጆቹ ነገርኳቸው። ልጁ እንቁላል ሰርቆ መጣ፣ እናቱ ተቀበለችው። ቀጥሎ ዶሮ ሰረቀ፣ ቀጥሎ በሬ፣ በመጨረሻ ተይዞ ሊሰቀል ሲል እናቴን ልሳማት ብሎ ጆሮዋን ነከሳት። ጸጥ አሉ። ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ። ማሙሽ ቀስ ብሎ «እንቁላሉን ግን ጠበሰችው ወይስ ቀቀለችው?» አለ። ሚጣ ደግሞ «ዶሮዋ እንቁላሏን ስታጣ አለቀሰች?» ብላ ራሷ ማልቀስ ጀመረች። ስለ ዶሮዋ ስናባብላት አመሸን።

ከተኙ በኋላ ግን የማሙሽ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እውነቱን እኮ ነው። የዚያች እናት ጥፋት መሳቋ አይደለም። ተረቷ ውስጥ ሳቀች የሚል የለም። እንቁላሉ የሰው መሆኑን እያወቀች ተቀበለች፣ ዝም አለች። ጠብሳም ይሁን ቀቅላ በላችው። ይሄና ልጅ ሲያጠፋ መሳቅ ለኔ በጭራሽ አይገናኙም።

የኛ ቤት ምሳሌ ሊጡ ነው። ሁዳዴ ላይ ነበር። እምዬ ሐሙስ ዕለት ጤፉን አቡክተው እርሾውን ጨምረው ቡሃቃውን ከድነው ጓዳ አስቀመጡት። ያኔ የባሕር ዳርን ሙቀት ታውቃላችሁ፣ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል። እርሾው ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር እየበላ አየር ስለሚያወጣ ላዩ ላይ አረፋው ብቅ እያለ ይፈነዳል። ሚጣ ክዳኑን ከፍታ ይህን አየች። ለሷ ሊጡ እየተነፈሰ ነበር። የሚተነፍስ ነገር ብቻውን ጨለማ ውስጥ አይተኛም ብላ የጩጬውን ብርድ ልብስ አመጣችና አለበሰችው፣ አጠገቡ ቁጢጥ ብላም «እሹሩሩ» ትለዋለች። ማሙሽ መጣ። «እየተነፈሰ ከሆነማ ርቦታል» አለ። የጩጬውን ጡጦ ከፍቶ ወተቱን በሙሉ ገለበጠለት። ጩጬው ጡጦው ሲሄድ ተከትሎ መጥቶ ሁለት እጁን እስከ ክንዱ ነከረ። እኔ ስደርስ ጆሮው ውስጥ ሁሉ ሊጥ ነበር፣ ብርድ ልብሱ ግማሹ ቡሃቃው ውስጥ ሰጥሟል፣ ሚጣ ደግሞ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እማዬ ቀስ፣ ተኝቷል» አለችኝ።

የጾም ሊጥ ላይ ወተት! እምዬ ከቤተ ክርስቲያን ገቡ፣ አዩ፣ ቆሙ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ስል ዕድሜዬን ሙሉ ኖሬ፣ ይኸው ዛሬ በዓይኔ አየሁት» አሉና በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም አልቻልኩም። ልጆቹም ለምን እንደምንስቅ ሳያውቁ አብረውን ሳቁ።

ታዲያ በሳቅ ብቻ አላለፈም፣ አባታችን ይህን እንዲሰሙልኝ እፈልጋለሁ። ሚጣ በጨርቅ የጓዳውን ወለል ጠረገች፣ ሰነፍ ስትል ቁጭ ብዬ እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ማሙሽ ከሙዳዩ ሳንቲም አውጥቶ ከኔ ጋር እንጀራ ሊገዛ ሄደ። መንገድ ላይ ጾም ምን እንደሆነ፣ እምዬ ለምን ወተት እንደማይቀምሱ ጠየቀኝ፣ ተነጋገርን። ሳንስቅ ተገርፎ ቢሆን ይህን የሚጠይቀኝ አይመስለኝም። አሁን እምዬ ሊጥ ባስቀመጡ ቁጥር ሚጣ ጓዳው በር ላይ ዘብ ናት። እንግዳ ሲመጣ ሳይቀር «እዚያ እንዳትገቡ፣ ሊጡ ተኝቷል» ትላለች። ተበላሸች ትሉኛላችሁ?

ባጃጅ ውስጥም እንዲሁ። አንድ ጠዋት ማሙሽን ትምህርት ቤት ሳደርስ አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ተቀመጡ። ማሙሽ በዚያ ሳምንት የመጀመሪያ ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወርውረንለት ነበርና አፋቸውን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየ። ከዚያ «አባባ፣ የእርስዎንስ ጣሪያ ላይ አልወረወሩትም?» አለ። እኔ በሀፍረት አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ወደሱ ዞረው «ወረወርኩት ልጄ፣ የኛ ቤት ጣሪያ ሣር ነበርና እዚያው ተቀበረ» አሉት። ሾፌሩ እስኪቆም ድረስ ሳቀ። ማሙሽ አልሳቀም፣ ከልቡ አዘነላቸው። ሲወርድ «የኛ ቆርቆሮ ነው፣ ከፈለጉ ይምጡ» ብሏቸው ነው የሄደው። ያን ቀን በኩርኩም ዝም አሰኝቼው ቢሆን ይህን ግብዣ ማን ይሰማው ነበር?

አዲሱ የአባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ እሑድ ማታ ማታ እዚያ እንሄዳለን። 380 ሜትር ነው፣ ከልጆቼ ጋር ግን አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ በየመብራት ምሰሶው ስለሚቆሙ። ሚጣ አንድ ቀን አጥሩን ይዛ ቁልቁል እያየች «ይሄ ሁሉ ውሃ የት ነው የሚሄደው?» አለች። ሱዳን፣ ከዚያ ግብፅ አልኳት። «ማታስ የት ያድራል?» እምዬ ቀበል አድርገው «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» አሏት። አሰበችበት። «ታዲያ ግንዱን ለምን አያስቀምጠውም? አይደክመውም?» ይቺ ተረት ስንት ዘመን ስትነገር አባይን ደከመህ ወይ ያለው ሰው መኖሩን እንጃ።

የማልስቅበት ጊዜም አለ። ጣና ዳር ከደንገል ታንኳ የሚወርድ አሣ አጥማጅ ደንበኛ አለን። አንድ ቀን ቀረሶ ስንገዛ ለልጆቹ ስለ አሣዋ ነገራቸው፦ ቀረሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ነው የምታቅፈው፣ ከተፈለፈሉም በኋላ የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ልጆቿ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ማሙሽና ሚጣ አፋቸውን ከፍተው ነው የሰሙት። በማግስቱ ሚጣ አትናገርም። ብጠራት ራሷን ትነቀንቃለች። ጉንጮቿ ተነፍተዋል። «ምን ሆና ነው?» ስል ማሙሽ «ልጆቿ አፏ ውስጥ ናቸው፣ ካወራች ይወድቃሉ» አለኝ። እጄን አገጯ ሥር አድርጌ በለሆሳስ «ልጆችሽን አሳዪኝ» አልኳት። ሰባት የተዘፈዘፈ ሽምብራ ተፋች። ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። ሽምብራና ለውዝ የዚህን ዕድሜ ልጅ ጉሮሮ ዘግቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ዛሬ ሳወራው እስቃለሁ፣ ያኔ ግን አልሳቅኩም። ተንበርክኬ ሁለቱንም ትከሻዋን ይዤ ዓይን ዓይኗን እያየሁ «አፍ ውስጥ አይደረግም» አልኳት፣ ሦስት ጊዜ። ድምፄን ስትሰማ ገባት። ከዚያ የቡና ስኒ ሰጠኋት፣ የቀረሶ ልጆች አሁን የሚያድጉት እዚያ ነው።

ሐይቁ ዳርም እንዲሁ ነኝ። አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፣ ውሃው ውስጥ ገብቶ መንቦጫረቅም ቢልሃርዚያ ያመጣል። እዚያ ቀልድ የለም፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው የምንሄደው። ከሰል፣ ቢላ፣ የእምዬ የደም ግፊት ኪኒን፣ እነዚህም እንደዚያው። ሁልጊዜ የማልቆጣ ስለሆንኩ ይመስለኛል ስቆጣ ወዲያው የሚሰሙኝ። ሊጥና ጥርስ ላይ ብጮህ ኖሮ ሽምብራው ቀን ጩኸቴን ከየት ይለዩት ነበር?

ስለ አርጩሜም አንድ ነገር ልበል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አለው ይላል። ተቋም ውስጥ የማይመታ ልጅ በእናቱ ቤት የሚመታበት ምክንያት አይታየኝም። እኔ ተገርፌ ነው ያደግሁት። እናቴን አልወቅሳትም፣ የምታውቀው ያንን ነበር። ግን ለምን እንደተገረፍኩ አንዱንም አላስታውስም፣ የማስታውሰው የአርጩሜውን ድምፅ ነው።

አባቴ፣ ደብዳቤዬ ደርሶዎት ካነበቡት፣ የጻፉት ሁሉ ለልጆች ከማሰብ እንደሆነ ይገባኛል። ሽምብጥ ከመጡ እምዬ ቡና ያፈላሉ። ጩጬው ጫማዎን ይዞ ይሮጣል፣ አንዱን ውሃ ጀሪካን ሥር ነው የሚደብቀው፣ ሌላኛውን እስካሁን አላወቅንም። ሚጣ ጥያቄ ታበዛብዎታለች። ለአንድ ከሰዓት ቁጭ ብለው ይስሟት፣ ከዚያ ስለ ሳቁ እንደገና እንነጋገር።

ለአዘጋጆቹ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የልጆች ገጻችሁ ላይ ምክር ብቻ አትጻፉ፣ ልጆች የሚጠይቁትንም አውጡ። የየቤቱን ጥያቄ ብትሰበስቡ ገጹ አይበቃችሁም።

ይህን የምጽፈው በእጄ ነው፣ ስልኩን ጩጬው ይዞታል። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ያለው ትልቅ ክብ እድፍ አይደለም። ሚጣ ለናንተ የሳለችው ቀረሶ ነው፣ አፉ ውስጥ ያሉት ሰባት ነጥቦች ልጆቹ ናቸው። ቆርጣችሁ እንዳትጥሉት ብላለች።

የሦስት ልጆች እናት
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር