አባዬ፣ እኩል ወጣሁ

አባዬ፣ እንደምን አለህ? ጉልበትህ ተሻለህ? እኛ ደህና ነን።

እሁድ ከቼዝ ውድድር ስወጣ ደውለህ «አሸነፍክ?» ስትለኝ «እኩል ወጣሁ» ብዬ ቶሎ ዘጋሁት። ተናድጄ ነበር። አሁን በርዶልኛል፣ ልንገርህ።

የገጠሙኝ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ባንተ ዕድሜ ይሆናሉ። እርምጃውን ወረቀቱ ላይ ሲጽፉ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ነጭ የደረሰኝ እኔ ነኝ። መክፈቻውን አልተርክልህም፤ ሁለታችንም በቃላችን የያዝነውን ነው የተጫወትነው። 3 ሰዓት ያህል ከተቀመጥን በኋላ እኔ ጋ አንድ ጳጳስና ሁለት ወታደር ቀሩ፣ እሳቸው ጋ አንድ ፈረስ ብቻ። አንደኛው ወታደሬ በግራ በኩል ከጠርዙ ገባ ብሎ፣ ሌላኛው ቀኝ ጠርዝ ላይ ነው። እራት ምን እንደምበላ ማሰብ ጀምሬያለሁ።

ጋሼ በፈረሳቸው የግራውን ወታደር በሉት። እኔም ፈረሱን በጳጳሴ ጠረግኩት። «ደክሟቸው ነው፣ አላዩትም» አልኩ በልቤ። እሳቸው ጻፍ አደረጉና ንጉሣቸውን ወደ ጥጉ አንድ ቤት ገፋ አደረጉት።

ያኔ ነው የገባኝ። የቀረችኝ ወታደር መጨረሻ ደርሳ ንግሥት የምትሆንበት የጥግ ቤት ጥቁር ነው። የእኔ ጳጳስ ደግሞ በነጭ ቤት ላይ ብቻ የሚሄደው ነው፤ ዕድሜ ልኩን ቢሄድ ያንን ጥግ አይነካውም። ንጉሣቸው እዚያ ገባ ወጣ ሲል ማን ያስለቅቀዋል? ልጠጋው ስል መሄጃ ያጣል፤ ኪሽ ሳይባል፣ ማለትም ንጉሡ ሳይጠቃ፣ መሄጃ ካጣ ጨዋታው እኩል ነው። ሰዓታቸው እስኪያልቅ እንዳልጠብቃቸው በየእርምጃው 30 ሰከንድ ይጨመርላቸዋል።

ቆርኪ ላይ ስም ጽፈን ካርቶን ላይ ስንጫወት «ያለህን ቁጠር» ትለኝ አልነበር? ወታደር 1፣ ፈረስና ጳጳስ 3። ቆጠርኩ አባዬ። እኔ 4 አለኝ፣ እሳቸው ባዶ።

ስንጨባበጥ «እዚህች ላይ ብዙ ሰው ይወድቅልኛል» አሉኝ እየሳቁ። ሰውዬው አውቀው ነው!

አንተም ቦርዱን አውጣና ሞክረው፤ ማስወጫ ካገኘህ ደውልልኝ። ለፋሲካ ስመጣ እንጫወታለን። ግን እርምጃ መመለስህን ተው፣ የነካ ይጫወታል።

ልጅህ