ሪፈር ተጽፎላቸው ያልደረሱትንም ቁጠሩልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በደቡብ ወሎ ገጠር፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። አቅም የሌላቸው ሕሙማን ስለሚያገኙት ሕክምና የሚያጠኑ ሰዎች መጠይቃቸውን ይዘው እኛም ጋ ይመጣሉ። ሥራቸው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በደስታ ነው የምናስተናግዳቸው። ግን አብዛኞቹ የሚጠይቁት ሕክምና ቦታ የደረሰውን ሰው ነው። ካርድ ያወጣውን፣ አልጋ የያዘውን፣ ታክሞ የወጣውን። ሪፈር፣ ማለትም ወደ ሆስፒታል መላኪያ ወረቀት፣ ጽፈንለት ደሴ ሳይደርስ የቀረውን ሰው ማን ይጠይቀው?

አንዲት እናት ጡታቸው ላይ እብጠት አግኝቼ ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ከወራት በኋላ የልጅ ልጃቸውን ለማስከተብ ሲመጡ አየኋቸው።

«እማማ፣ ደሴ ሄዱ እንዴ?» አልኳቸው።

«በምን ልሂድ ልጄ? አስታማሚ ያስፈልገኛል። እሷስ የት ታድራለች? ምን ትበላለች?»

የጤና መድህን መዋጮ ግን በወቅቱ ከፍለዋል። አባል ናቸው።

መድህኑን እያጣጣልኩ አይደለም። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነበር። በሙከራ ወረዳዎቹ የተሠራ አንድ ጥናት የአባላቱ የተመላላሽ ሕክምና አጠቃቀም ከ30 እስከ 41 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል። እኛም በዓይናችን ያየነው ነው። ድሮ ሕመሙ ሲጠናበት ብቻ ይመጣ የነበረ ገበሬ ዛሬ ትኩሳት ሲሰማው ብቅ ይላል። መክፈል ለማይችለው ደግሞ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል። ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ከጤና ጣቢያው ወዲያ ነው። መድህኑ የካርዱን፣ የምርመራውንና የአልጋውን ይከፍላል። የመኪና፣ የአስታማሚ ማደሪያና ምግብ ግን ከበሽተኛው ኪስ ነው። መድኃኒቱ ከሌለ «ከውጭ ግዙ» ይባላል፤ ያኔ በግ ወይ ፍየል ይሸጣል። የሚሸጥ የሌለውስ? ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የቲቢ መድኃኒት እንኳን በነጻ ነው፤ ሆኖም ለክትትል በተመላለሰ ቁጥር የቀን ሥራው ይቀርበታል። እንዲህ ያለውን ወጪ ከደሴ የካርድ ክፍል ቁጭ ብሎ ማየት አይቻልም።

እኛ ጤና ባለሙያዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባለውን ትምህርት ቤት ተምረነዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ተመራማሪዎቹ ሰሪን ታዴዎስና ዲቦራ ሜይን የጻፉት ነው። አንደኛው ልታከም ብሎ ለመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው ሕክምና ቦታ ለመድረስ መዘግየት፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት። ሆስፒታል ውስጥ ብቻ የተሰበሰበ መረጃ ሦስተኛውን ያሳይ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቆላና ደጋው ላይ ቀርተዋል። ሰው የሚሞትብን ግን እዚያ ነው።

መንገድ በሌለበት ቀበሌ በሽተኛ የሚጓዘው በቃሬዛ ነው። የቅሬው (የእድሩ) ሰዎች ተጠራርተው፣ ትከሻ እየተቀያየሩ፣ መኪና እስከሚገኝበት ያደርሱታል። በእርሻ ወቅት ከሆነ ሁሉም ሥራውን ጥሎ ነው የሚወጣው። ቅሬ ባይኖር የብዙ ሰው ነገር አብቅቶ ነበር። ይህ ድካም በየትኛው መጠይቅ ላይ ተጽፏል? የሕክምና ወጪ ሲሰላስ ማን አስገብቶት ያውቃል?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደግሞ ጤና ተቋሞቻችን ተዘረፉ፤ አልጋውም ላብራቶሪውም ሄደ። የስኳርና የደም ግፊት ክትትል የነበራቸው ሰዎች ተበተኑ። ሁሉም ተመልሰው አልመጡም።

ለእናቶች ግን እንደሚቻል አይተናል። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 በመቶ ደረሱ። ለዚህ ብዙ ሰው ለፍቷል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አምቡላንስ፣ ነጻ የወሊድ አገልግሎት። ርቀቱም ተቆጥሮ ነበር። እናቲቱ ምጥ ሳይመጣባት ቀድማ መጥታ የምታርፍበት ማቆያ ጤና ጣቢያው ግቢ ተሠራ። እህሉን ኅብረተሰቡ ያዋጣል፤ ገንፎው እዚያው ይገነፋል። ታዲያ ከደላንታ ወይም ከወረኢሉ ሪፈር ተብሎ ለሚመጣ በሽተኛና አስታማሚ ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ማረፊያ ቢኖር ምን ይከፋል? አሁን ደሴ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ያርፋል፤ የሌለው ሆስፒታሉ አጥር ሥር ያድራል።

ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የምለው አለኝ። የጤና ጣቢያዎቹን የሪፈር መዝገብና የሆስፒታሎቹን የካርድ ክፍል መዝገብ አስተያዩልን። ተልከው ያልደረሱትን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል፣ ፈቃዳቸውን እየጠየቃችሁ፣ ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ። ለምን ቀሩ? ምን ሸጡ? አሁን እንዴት ናቸው? ውጤቱንም ለቀበሌው ሰው በአማርኛ ንገሩት፤ ጊዜውን ሰጥቶ የመለሰላችሁ እሱ ነው። እናንተም አዘጋጆች ግኝታቸውን ሰው በሚገባው ቋንቋ አውጡልን። የእኛ መዝገብ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

አንባቢያችሁ፣
ከደቡብ ወሎ