ደብዳቤውን ሙሉውን አንብቢው

የኔ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ጉልበቱን ትንሽ ተሽሎታል።

በቴሌግራም የላክሽልኝን ጥቅስ አየሁት። ኤርምያስ 29፥11፣ «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ» የሚለውን። ከሥሩ ደግሞ «እማዬ፣ ሳነበው ደስ ይለኛል፣ ግን ጠለቅ ብሎ አይገባኝም፣ ወዲያው ይጠፋብኛል» ብለሻል። ይሄ በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ነው የምጽፍልሽ።

እስቲ ምዕራፉን ከቁጥር 1 ጀምሪው። ደብዳቤ ነው። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ማርኮ ባቢሎን ለወሰዳቸው ሰዎች ነቢዩ ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም የላከላቸው ደብዳቤ። አገር ርቆባቸዋል፣ መቼ ነው የምንመለሰው ይላሉ። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብትሄጂ ሐናንያ የሚባል ሰው ታገኛለሽ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ በሕዝብ ፊት ተናገረ፣ ኤርምያስ የባቢሎን አገዛዝ ምልክት አድርጎ በአንገቱ የተሸከመውን ቀንበርም አንሥቶ ሰበረው። ይሄን ትንቢት የማይወድ ማን አለ? ግን እግዚአብሔር አልላከውም ነበር። ኤርምያስ የጻፈላቸው ሌላ ነው፤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆች ውለዱ፣ ስላላችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ። ተማርከው ስለተወሰዱባት ከተማ! ቁጥር 10 ላይ ደግሞ 70 ዓመት ይላቸዋል። ያንቺ ጥቅስ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

አስቢው እንግዲህ። ደብዳቤው ሲነበብ የሰማ አንድ ጎልማሳ፣ አገሩን ተመልሶ በዓይኑ እንደማያይ ገብቶታል። ተስፋው ግን የተሰጠው ለእሱም ጭምር ነው።

ጥቅሱን ብቻ ነጥለሽ ከያዝሽው «ኮንትራቴ ሲያልቅ ሁሉም ይስተካከልልኛል» የሚልሽ ይመስልሻል፣ አልስተካከል ሲል ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ ቃሉን ያጠፈ ይመስልሻል። እኔ የምፈራልሽ ይሄንን ነው ልጄ። ቃሉ ከዚያ ይሰፋል። እዚያው ባለሽበት፣ በሰው አገር፣ በሥራው ድካም መሐል፣ መኖርና መጸለይ እንደምትችይ ይነግርሻል።

ከዚያ ዳንኤል ምዕራፍ 9ን ክፈቺ። በጣም የምወደው ቦታ ነው። ዳንኤል በልጅነቱ ተማርኮ እዚያው ባቢሎን ያረጀ ሰው ነው፤ ይሄንኑ የኤርምያስን ቃል አንብቦ 70ውን ዓመት አስተዋለ። አስተውሎም መጽሐፉን አጥፎ አልተቀመጠም፣ ማቅ ለብሶ በጾም ለጸሎት ተነሣ። «በድለናል» እያለ ራሱን ከሕዝቡ ጋር ቆጠረ። ገና ሲጸልይ ቅዱስ ገብርኤል መጣ፤ የመጣሁት ማስተዋልን ልሰጥህ ነው አለው። ሳይጸልዩ ማንበብ ብቻውን አይበቃም የምልሽ ለዚህ ነው። አንድ ምዕራፍ አንብቢ፣ ከዚያ ያነበብሽውን ራሱን ጸሎት አድርጊው።

ያልገባሽን መጠየቅም አትፈሪ። የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለውን የኛን አገር ሰው፣ ጃንደረባውን አስታውሺ። የንግሥት ሕንደኬ ባለሥልጣን ነው፣ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን እያነበበ ነበር። ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውለዋለህ ወይ ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ያ ሁሉ ሹመት እያለው! የኛም ሊቃውንት ንባቡን፣ ዜማውን፣ ቅኔውን ጨርሰው ነው መጽሐፍ ቤት ገብተው የብሉይና የሐዲስ ትርጓሜ የሚማሩት፣ ያውም ከመምህር እግር ሥር ዓመታት ተቀምጠው። አንቺ በሞባይል ለብቻሽ አንብበሽ ሁሉም ወዲያው ባይገባሽ ምን ይገርማል? ደብተር ያዢ፣ ጥያቄሽን ጻፊ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ካህኑን ወይ መምህሩን ጠይቂ።

ሌሊት ከሥራ ደክመሽ ስትገቢ ረጅሙን አትጀምሪ። ሩት 4 ምዕራፍ ናት፣ ዮናስም እንደዚያው። በአንድ ቁጭታ ትጨርሻቸዋለሽ፣ ታሪኩንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ታገኚዋለሽ።

እሑድ ስትደውዪ ዳንኤል 9ን አንብበሽ ጠብቂኝ። አብረን ዕዝራ ምዕራፍ 1ን እናነባለን፤ የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ምርኮኞቹን እንዴት እንደለቀቃቸው እዚያ አለ። አባትሽም አብሮን ይሰማል፣ መነጽሩን ከአሁኑ አዘጋጅቷል።

እናትሽ