ግልገሎቹን ገና አትስጫቸው

ከአዳማ

ውድ እህቴ ሰናይት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማማ፣ ልጆቹ፣ ሰፈሩ ሁሉ ደህና ነው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ፣ አሁን ደግሞ ሰላምታውን አሳጥሬ በቀጥታ ወደ ድመትሽ ልገባ ነውና አትቀየሚኝ። ጉዳዩ ቀን አይሰጥም። ውሮ አራት ወልዳ ልጆቿ አምስት ሳምንት እንደሞላቸው፣ ጎረቤቶችሽም «ዓይናቸው ተገልጧል፣ ይራመዳሉ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» እያሉ እንደሚወተውቱሽ ሰማሁ። እባክሽ አትስጫቸው። ቢያንስ 8 ሳምንት ይሙላቸው፤ ቤትሽ ከቻለ እስከ 10 እና 12 ሳምንት ብታቆያቸው ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

የዓይን መገለጥ ምንም አያሳይም፤ የድመት ልጅ ዓይኑን የሚገልጠው በተወለደ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚታለለው በእናትየዋ ቁጣ ነው። በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት ልጆቹ ጥርስ አውጥተዋልና ሲጠቧት ያማታል። ብድግ ብላ ትሄዳለች፣ ከፍ ያለ ቦታ ወጥታ ትተኛለች፣ በእግሯ ገፋ ታደርጋቸዋለች፣ «እስስ» ትልባቸዋለች። ሰውም «እናቲቱ ራሷ ጠላቻቸው፣ በቃ ውሰዱ» ይላል። አልጠላቻቸውም፤ ጡት ማስጣል ጀመረች እንጂ። የምታስጥለው ደግሞ ቀስ በቀስ ነው፤ ቀን ከልክላቸው ማታ ታጠባቸዋለች። ይህ ነገር የሚያልቀው ወደ 8ኛው ሳምንት ገደማ ነው።

በእነዚህ ሦስት ሳምንታት የሚማሩትን አዲሱ ቤት አያስተምራቸውም። ሁለቱ ሲታገሉ ጠጋ ብለሽ እይ፦ አንዱ ጠንከር አድርጎ ሲነክስ ሌላው ይጮህና ጨዋታውን ጥሎ ይሄዳል። ነካሹም ብቻውን ይቀራል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጥርሱን ያላላል። ይህን ሳይማር የወጣ ግልገል የልጆችን እጅ እየቧጨረና እየነከሰ ያድጋል፤ ብርድ ልብስና የሰው ጆሮ ሲጠባ የሚኖርም አለ። ጎረቤቶችሽ ድመት የሚፈልጉት ለአይጥ ከሆነማ ይህን ንገሪያቸው፦ እናትየዋ መጀመሪያ የሞተ አይጥ ታመጣላቸዋለች፣ ቀጥላ ነፍስ ያለው። አያያዙን የሚለምዱት ከእሷ ነው። በአምስት ሳምንቱ የወሰዱት ግን ያንን ትምህርት አላገኘም።

ሌላው ነገር ሆድ ነው። ገና ጡት ያልጣለ ግልገል አዲስ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚቀርብለት የላም ወተት ነው። ያ ደግሞ አይስማማውም፣ ያስቀምጠዋል። ትንሽ አካል ነውና በአንድ ቀን ተቅማጥ ውሃው ያልቃል። የማጅራቱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፣ ድዱም ደርቆ ካጣበቀ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ነው። ከእናቱ እንገር ያገኘው የበሽታ መከላከያም ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ልክ በዚያ ሰዓት ቦታ መቀየር ጭነቱን ያበዛበታል።

ስለዚህ አሁን ምግብ አስለምጃቸው። የተቀቀለ ዶሮ ወይም ሥጋ በደንብ ፈጭተሽ በቀቀልሽበት ውሃ እንደ ቀጭን ገንፎ አድርጊው፤ ጨው፣ በርበሬ፣ ቅባት አይግባበት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ለድመት መርዝ ናቸው፤ ደም ይጨርሳሉ፣ ስለዚህ ወጥ አትስጫቸው። ሐዋሳ ሆነሽ ዓሣ አይቸግርሽም፤ ቆሮሶም ይሁን አምባዛ ቀቅለሽ አጥንቱን በጣትሽ እየዳሰስሽ ልቀሚ፣ ጥሬውን ተዪው። የተቀቀለ እንቁላልም ጥሩ ነው። ጉበት ይወዳሉ፣ ግን አልፎ አልፎ ብቻ፤ ከበዛ ይጎዳቸዋል። በዝርግ ሳህን፣ ለብ እንዳለ፣ በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት። አበላሉ ያልገባውን ግልገል አፉ ላይ በጣትሽ ቀባ አድርጊለት እንጂ ጭንቅላቱን ሳህኑ ውስጥ አትድፊው፤ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ገንፎውን ከሳምንት ወደ ሳምንት አጠንክሪው። ውሃ ሁልጊዜ ይኑር። መጸዳጃ ደግሞ ዝቅ ባለ ሳፋ ደረቅ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ይበቃል፤ ከምግባቸው ራቅ ይበል፣ በየቀኑ ይጠረግ።

ሚዛን አለሽ? የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጠሽ በየሳምንቱ መዝኛቸው። ሲወለዱ 100 ግራም ገደማ ናቸው፣ ከዚያ በሳምንት ወደ 100 ግራም ይጨምራሉ፤ ስለዚህ በ8 ሳምንት 800 ወይም 900 ግራም እንጠብቃለን። 8 ሳምንቱ ሞልቶ 600 ግራም ብቻ የሆነ ካለ ገና አይሄድም። ከዚያ የሚሄደው ብቻውን ሳህኑን የሚጨርስ፣ ጡት ሳይፈልግ የሚውል፣ አሸዋውን የለመደ፣ ሰው ሲያነሳው የማይደናገጥ ነው። ዓይናቸው ከሰማያዊ ወደ ሌላ ቀለም መቀየሩና የኋላ ጥርሶቻቸው ብቅ ማለታቸው የልደቱን ቀን ለረሳ ሰው ይረዳል። ሰውን የሚለምዱት በተለይ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ነውና ልጆችሽ በየቀኑ በለስላሳ እጅ ይያዟቸው፣ ሬዲዮውም ይከፈት።

የሆድ ትል መድኃኒት የእንስሳት ሐኪሙ በኪሎ ልክ ይስጥሽ፤ በግምት አይሆንም። እናትየዋም አብራ ትውሰድ። ሆዱ የተነፋ፣ ጀርባው ግን የከሳ ግልገል ብዙውን ጊዜ ትል አለበት። ቁንጫ ካለ በለብታ ውሃና ሳሙና አጥበሽ ወዲያው አድርቂያቸው፣ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ልቀሚላቸው። የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ድመት ሊገድል ይችላልና ቤትሽ አይግባ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ3 ወር በኋላ ነው፤ ለሚወስደው ሰው ቀኑን ጽፈሽ ስጪው። እስከዚያ ግልገሉ ደጅ ካሉ ውሾች ይራቅ።

አራቱንም በአንድ ቀን አታስወጪ። በ3 እና በ4 ቀን ልዩነት አንድ አንዱን ስጪ፣ የእናትየዋ ወተት ቀስ ብሎ እንዲደርቅ። ጡቷ ከጠነከረ፣ ከተኮሰ ወይም ከቀላ ለሐኪም አሳያት። ሁለት ለአንድ ቤት የሚወስድ ሰው ከተገኘ ደግሞ እሰየው። የሚወስደው ሰው ባጃጅ ላይ ግልገሉን በእጁ እንዳይዝ፤ ቀዳዳ የተበሳ ካርቶን ውስጥ እናትየዋ የተኛችበትን ጨርቅ አንጥፈሽ ስጪው። እዚያም አንድ ክፍል ውስጥ ይቆይ፣ ለሳምንት የለመደውን ምግብ ይብላ፣ አልጋ ሥር ቢገባ አይጎትቱት፣ ለ2 ወይም 3 ሳምንት ደጅ አይውጣ።

ውሮም እያጠባች እንኳ ልታረግዝ ትችላለች፤ ወንድ ድመት ግቢ እንዳይገባ እስከዚያው ጠብቂያት፣ ስለ ማምከንም ሐኪሙን ጠይቂው። የፊታችን እሑድ መዝነሽ የአራቱንም ግራም ላኪልኝ፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚሄድ አብረን እንለያለን። ለእማማ ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

ያንቺው
ሄለን